«አንጀቴ አረረ» ሲባል ሐኪሙ ምን ይሰማል?

ዘይቤያዊ አነጋገር በጽሑፍ፣ በንግግርና በአንጎላችን ውስጥ

እስቲ አንድ ሁኔታ በዐይነ ኅሊናችን እንሣል። ዕድሜያቸው የገፋ አንዲት እናት በሚኖሩበት የባዕድ ከተማ ወደ ሕክምና ጣቢያ ሄደዋል። የአገሩን ቋንቋ ስለማያውቁ የአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸው ከጎናቸው ተቀምጦ ያስተረጉማል። ሐኪሟ «ምን ይሰማዎታል?» ስትል ትጠይቃለች። እናትም በረዥሙ ተንፍሰው፣ «ምን እባክሽ ልጄ፣ አንጀቴ አርሮ ነው የከረመው» ብለው ይመልሳሉ። ልጁ እያንዳንዱን ቃል ያውቀዋል። አንጀት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ማረር ምን እንደሆነም ድስት እሳት ላይ ሲረሳ አይቷል። ስለዚህ «አንጀቷ ተቃጥሏል» ብሎ ይተረጉማል። ሐኪሟም የሆድ ዕቃ ምርመራ ታዛለች።

እናት ግን የተናገሩት ስለ ሆዳቸው አልነበረም። ከአገር ቤት የሚሰሙት ክፉ ወሬ እንቅልፍ እንደነሳቸው፣ ኀዘንና ንዴት ውስጣቸውን እንደበላው መናገራቸው ነበር። ልጁ አልዋሸም፤ ቃላቱንም አላጎደለም። የጎደለው ቃላቱ ተሰናኝተው የሚሰጡት ትርጉም ነው። ይህ በቃሉና በትርጉሙ መካከል ያለው ርቀት የቋንቋ ሊቃውንት «ዘይቤ» ሲሉ የሚጠሩት ነገር መኖሪያ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተለመዱትን የዘይቤ ዓይነቶች እንመለከታለን፤ አእምሯችን እንዴት እንደሚፈታቸው ሳይንስ የደረሰበትን እንዳስሳለን፤ በመጨረሻም ከአገር ርቆ ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ጉዳዩ ምን ፋይዳ እንዳለው እናያለን።

የተለመዱት የዘይቤ ዓይነቶች

ብዙዎቻችን ስለ ዘይቤ የሰማነው በአማርኛ ክፍለ ጊዜ፣ ለፈተና ስናጠና ነው። ከዚያ በኋላ የገጣሚያን ጌጥ አድርገን ትተነው ይሆናል። ሆኖም በአንድ ቀን ውስጥ የምንናገረውን ብናስተውል ያለ ዘይቤ የምናልፈው ሰዓት እምብዛም አይገኝም።

የመጀመሪያው ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው። ሁለት የተለያዩ ነገሮችን «እንደ»፣ «ያህል»፣ «ይመስል» በሚሉ ቃላት ያነጻጽራል። «ድምፁ እንደ ነጋሪት ያስተጋባል» ስንል ድምፁና ነጋሪቱ በየራሳቸው ቆመው በአንድ ባሕርይ ብቻ ይገናኛሉ። ሁለተኛው ተለዋጭ ዘይቤ ነው፤ ማነጻጸሪያውን ቃል ያስቀርና አንዱን ነገር ሌላው ያደርገዋል። «ድምፁ ነጋሪት ነው» ሲባል «እንደ» ጠፍታለች፤ አንባቢው ራሱ ነጋሪት ያለውንና ድምፅ ሊኖረው የሚችለውን ባሕርይ መርጦ ማዛመድ አለበት። ነጋሪት ከቆዳ መሠራቱን ትቶ ከሩቅ መሰማቱንና ዐዋጅ ማስነገሩን ይወስዳል።

ሰውኛ ዘይቤ ግዑዙን ነገር የሰው ጠባይ ያላብሰዋል፤ «ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ አጮልቃ አየችን» እንደማለት ነው። እንቶኔ ደግሞ የሌለን ሰው ወይም የማይሰማን ነገር ፊት ለፊት እንዳለ አድርጎ ማነጋገር ነው፤ «እናንተ ተራሮች፣ አገሬ ደኅና ናት ወይ?» የሚል ስደተኛ መልስ ጠብቆ አይደለም። ግነት ነገሩን ከልኩ አሳልፎ ያሳያል፤ የራበው ሰው «በሬ ቢያቀርቡልኝም አልጠግብ» ይላል፤ ማንም ግን በሬ አያቀርብለትም። አያዎ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ሐሳቦችን አጣምሮ አዲስ ስሜት ይወልዳል፤ «የሚናገር ዝምታ» ለዚህ ምሳሌ ነው። ምጸት በአፍ የተባለውና በልብ የታሰበው ተቃራኒ ሲሆኑ ነው። ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ለመጣ ወዳጃችን «አቤት መፍጠንህ!» ስንለው እያመሰገንነው እንዳልሆነ ከድምፃችን ይረዳል።

አንዱን ነገር ከእርሱ ጋር ተያይዞ በሚገኝ በሌላ ነገር ስም መጥራትም ሌላው የዘይቤ ዓይነት ነው። «ድስቱ ፈላ» እንላለን፤ የፈላው ግን በድስቱ ውስጥ ያለው ነው። «አራት ኪሎ ዝም አለ» ሲባልም የዝምታው ባለቤት ሰፈሩ ሳይሆን መንግሥት ነው። ይህ ዓይነቱ አነጋገር በዜና ውስጥ እጅግ ስለሚዘወተር ዘይቤ መሆኑን እንኳ ረስተነዋል።

በመጨረሻ ፈሊጥ አለ። ፈሊጥ ማለት ትርጉሙ ከቃላቱ ድምር የማይገኝ፣ እንደ አንድ ቃል ተይዞ የሚጠና አነጋገር ነው። «እጅ ሰጠ» ተሸነፈ ነው፤ «እጅ ነሣ» ግን አክብሮ ሰገደ ማለት ነው። «ጆሮ ዳባ ልበስ» አለ ሲባል አልሰማም ማለቱ ነው፤ «ጥርስ ነከሰበት» ቂም ያዘበት ነው፤ «ቃሉን በላ» የገባውን ቃል አፈረሰ ነው። አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁ «የአማርኛ ፈሊጦች» የተባለውን መጽሐፍ በአንድነት ያዘጋጁት እነዚህ አነጋገሮች ከተራ መዝገበ ቃላት የማይገኙ በመሆናቸው ነው።

ቁጣ ለምን ይነድዳል?

ጥንታዊው የግሪክ ፈላስፋ አሪስቶትል ስለ ሥነ ግጥም በጻፈው መጽሐፍ በተለዋጭ ዘይቤ መራቀቅን ከሌላ ሰው የማይማሩት የተሰጥዖ ምልክት አድርጎ ቆጥሮት ነበር። ይህ አመለካከት ዘይቤን የጥቂት ብልሆች ሀብት ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 ጆርጅ ሌኮፍና ማርክ ጆንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን ባሳተሙት መጽሐፍ ከዚህ የራቀ ሐሳብ አቀረቡ። እንደነርሱ አባባል ተለዋጭ ዘይቤ በመጀመሪያ የሐሳብ ጉዳይ ነው፤ በቋንቋ ላይ የምናየው የዚያ ሐሳብ ጥላ ነው። ሰዎች የማይጨበጠውን ነገር የሚረዱት በሚጨበጠው፣ በሰውነታቸው በኖሩት ነገር አማካይነት ነው ይላሉ።

የሁለቱ ምሁራን ምሳሌዎች ከእንግሊዝኛ የተወሰዱ ናቸው። ሐሳባቸውን በአማርኛ ለመፈተን ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ስለ ቁጣ የምንናገርበትን ቃል ሁሉ እንሰብስብ፦ ነደደ፣ ተቃጠለ፣ አረረ፣ ጨሰ፣ ጋለ፤ ሲያልፍም በረደ። አስታራቂ ሽማግሌ ነገሩን «ያበርዳል»፤ ነገረኛ ሰው «ያቀጣጥላል»። እነዚህ ቃላት እዚህም እዚያም የተበተኑ አይደሉም፤ ሁሉም ቁጣን እንደ እሳት ከሚያይ ከአንድ ሐሳብ ይመነጫሉ። መረዳትም እንዲሁ በብርሃን ይነገራል፤ ነገሩ ይበራልናል፣ ይገለጥልናል፣ ወይም ይጨልምብናል። ሤራ ደግሞ እንደ ጠጉር ይጎነጎናል፤ ነገርም እንደ ገመድ ይተበተባል።

የአማርኛ ሌላው ጠባይ ስሜትን በሆድ ዕቃ ውስጥ ማኖሩ ነው። ርኅራኄ ሲሰማን «አንጀታችን ይላወሳል»፤ በቀላሉ የሚከፋው ሰው «ሆደ ባሻ» ነው፤ ታጋሹ «ሆደ ሰፊ» ይባላል። ወኔው የከዳው ሰው «ሐሞቱ ፈሰሰ»፤ እጅግ የተናደደ ሰው «ቆሽቱ አረረ»። ቆሽት ኢንሱሊን የሚያመነጨው የሰውነት ክፍል መሆኑን ልብ ካልን፣ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በባዕድ ሐኪም ፊት «ቆሽቴ አረረ» ቢል ምን ዓይነት ግራ መጋባት ሊፈጠር እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

አንጎል ዘይቤን እንዴት ይፈታል?

ለረጅም ጊዜ ተቀባይነት የነበረው ሐሳብ አእምሮ ዘይቤን የሚፈታው በሁለት ደረጃ ነው የሚል ነበር። መጀመሪያ ቀጥተኛው ትርጉም ይታሰባል፤ እርሱ ስሜት ሳይሰጥ ሲቀር ሌላ ትርጉም ይፈለጋል ማለት ነው። ይህ እውነት ከሆነ ማንም ሰው ፈልጎ ካልሄደ በስተቀር ዘይቤያዊው ትርጉም ሊመጣበት አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1982 ሳም ግሉክስበርግና ሁለት ባልደረቦቹ ይህን ፈተኑት። ለተሳታፊዎቹ ዓረፍተ ነገሮችን እያሳዩ እያንዳንዱ በቀጥተኛ ትርጉሙ እውነት ወይም ሐሰት መሆኑን ብቻ በፍጥነት እንዲወስኑ ጠየቋቸው። «አንዳንድ ሥራ እስር ቤት ነው» ዓይነት ዓረፍተ ነገር በቀጥታ ሲታይ ሐሰት ነው። ነገር ግን ተሳታፊዎቹ ይህን ዓይነቱን ሐሰት ነው ለማለት ከተራው ሐሰት የበለጠ ጊዜ ወሰደባቸው። ዘይቤያዊው ትርጉም ሳይጠሩት መጥቶ መልሳቸውን አዘገየባቸው ማለት ነው። ከዚህ የምንረዳው ዘይቤ መፍታት ተርጓሚው ሲቸግረው ብቻ የሚሠራው ተጨማሪ ሥራ አለመሆኑን ነው።

ሌላው መንገድ የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ከራስ ቅል ላይ መለካት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ማርታ ኩታስና ስቲቨን ሂልያርድ አንድ ዓረፍተ ነገር «ትኩሱን ዳቦ በካልሲ ቀባው» እንደሚለው ባልተጠበቀ ቃል ሲደመደም፣ ቃሉ ከታየ 400 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ በአንጎል ላይ ልዩ ምልክት እንደሚታይ አረጋገጡ። 400 ሚሊሰከንድ ከግማሽ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነው። ይኸው መለኪያ በዘይቤ ላይ ሲሞከር ያልተለመደ ተለዋጭ ዘይቤ የሚያስነሣው ምልክት ከቀጥተኛው አነጋገር ይበልጣል፤ ከማይረባው ዓረፍተ ነገር ግን ያንሳል። ስለዚህ ዘይቤ ጥቂት ድካም ቢጠይቅም የሚፈታው በዚያው የተለመደ የቋንቋ መንገድ ላይ ይመስላል።

ድካሙም በልማድ ይቀንሳል። ብራያን ቦውድልና ዴድሬ ጌንትነር እ.ኤ.አ. በ2005 ባቀረቡት ጥናት አዲስ ዘይቤ በመጀመሪያ እንደ ንጽጽር ይታሰባል፤ እየተዘወተረ ሲሄድ ግን አዲሱ ትርጉም ራሱን ችሎ ይቆማል ብለዋል። «ሻከረ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። አስቀድሞ የተነገረው ለሚዳሰስ ነገር እንደነበረ መገመት ይቻላል፤ ዛሬ «ግንኙነታቸው ሻከረ» ስንል ማንም እጁን ዘርግቶ የሚዳስሰው ነገር አይፈልግም።

ያም ሆኖ አሮጌው ትርጉም ፈጽሞ ላይሞት ይችላል። በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ጥቂት ተሳታፊዎች በእንግሊዝኛ ስለ መሻከርና ስለ መለስለስ የሚናገሩ ዘይቤዎችን ሲሰሙ በአንጎላቸው ውስጥ በዳሰሳ ጊዜ የሚሠራው ክፍል ሲነቃ ታይቷል። ተመሳሳይ ሐሳብ ያለ ዘይቤ ሲነገራቸው ግን ይህ አልታየም።

የአንጎል ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎችም ብዙ አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 ኤለን ዊነርና ሃዋርድ ጋርድነር የአንጎላቸው ቀኝ ክፍል የተጎዳባቸውን ሕሙማን ልብ እንደከበደው ስለሚነገርለት ሰው እየነገሩ፣ ከቀረቡላቸው ሥዕሎች የሚስማማውን እንዲመርጡ አደረጉ። ብዙ ጊዜ ግዙፍ ልብ ተሸክሞ የሚንገዳገድ ሰው የተሣለበትን መረጡ፤ ሥዕሉ የሚያስቅ መሆኑም አልታያቸውም። የሚገርመው በቃል እንዲያብራሩ ሲጠየቁ ሰውየው ማዘኑን መናገር ይችሉ ነበር። በኋላ የተደረጉ የአንጎል ምስል ጥናቶች ሁለቱም የአንጎል ክፍሎች በሥራው እንደሚሳተፉ፣ የተለመደው ዘይቤ ደግሞ በግራው ክፍል ላይ ይበልጥ እንደሚደገፍ አሳይተዋል።

ሠዓሊው ምን ሲያደርግ አደረ?

አማርኛና ግእዝ ከዚህ ሁሉ የረቀቀ የራሳቸው ፈተና አላቸው፤ እርሱም ሰምና ወርቅ ነው። ስያሜው የመጣው ከወርቅ አንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል፤ ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ወርቁ በቦታው ይፈስሳል። በቅኔም የሚሰማው ቃል ሰሙ ነው፤ ወርቁ በውስጡ ተሰውሯል። እንደ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ ያሉ የቅኔ ቤቶች ይህን ጥበብ ለዘመናት ሲያስተምሩ ኖረዋል። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ኢትዮጵያ ባሕል ላሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ያደረገውም ይህንኑ ሰምና ወርቅ ነው።

አንድ ቀላል ምሳሌ እንሥራ፦ «የሠዓሊው ነገር ያሳዝናል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲስል ነው የሚያድረው።» ሰሙ ሠዓሊው ሥዕል በመሣል ይደክማል ይላል። ወርቁ ግን ሠዓሊው ታሟል፤ ሳል እንቅልፍ ነስቶታል ይላል። «ሲስል» የሚለው ኅብር ቃል ሁለቱን ትርጉም ተሸክሟል፤ ቢላዋ ይዞ ቢሆን ኖሮ ሦስተኛ ትርጉምም ይጨመርበት ነበር።

ይህን ስንሰማ በአእምሯችን የሚሆነውን ለመረዳት የሚረዳ አንድ ጥናት አለ። ዴቪድ ስዊኒ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳሳየው፣ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ስንሰማ ዐውዱ አንዱን ብቻ የሚደግፍ ቢሆን እንኳ ሁለቱም ትርጉሞች ለቅጽበት ይነቃሉ፤ ጥቂት ቀለማት ካለፉ በኋላ ግን የማያስፈልገው ይከስማል። የስዊኒ ሙከራ በእንግሊዝኛ እንጂ በቅኔ ላይ አልተደረገም። ነገር ግን የቅኔ መምህር ለተማሪው «ቃሉን መልሰህ እየው» ሲለው የሚያሠለጥነው ይህንኑ በፍጥነት የሚከስም ሁለተኛ ትርጉም ይዞ የማቆየት ችሎታ ነው ብንል ብዙ አንስትም።

በባዕድ አገር ያለው ዕዳ

አሁን ወደ ሕክምና ጣቢያው እንመለስ። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ የተሳሳተው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ፈሊጥ የሚገኘው ሲነገር በመስማት ነው፤ ልጁ ደግሞ የሰማው የአማርኛ መጠን ከቤት ውስጥ ትእዛዝና ከስልክ ሰላምታ ላያልፍ ይችላል።

አዋቂዎች ይህን ችግር ማየት የሚሳነን ለምን እንደሆነ ቦአዝ ኬሳርና ብሪጅት ብላይ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጥናት ጠቁመዋል። ተማሪዎች የማያውቋቸውን፣ ከእንግሊዝኛ የጠፉ አሮጌ ፈሊጦች አስጠኗቸው። ለአንዳንዶቹ እውነተኛውን ትርጉም፣ ለሌሎቹ ተቃራኒውን ነገሯቸው። ሁለቱም ወገኖች የተማሩት ትርጉም ከቃላቱ በግልጽ የሚታይ፣ ሌላውም ሰው በቀላሉ የሚደርስበት መስሎ ታያቸው። እኛም «አንጀቴ አረረ» ኀዘን መሆኑ ከቃላቱ የሚነበብ ይመስለናል፤ በእርግጥ ግን ስላጠናነው ነው።

እኛም በተራችን በሌላው ቋንቋ ፊት እንደዚያ ልጅ እንሆናለን። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትሠራ እህታችን አሠሪዋን አንድ ነገር ጠይቃ «ዓላ ኸሽሚ»፣ በቃል ትርጉሙ «በአፍንጫዬ ላይ» የሚል መልስ ብታገኝ «በደስታ፣ እሺ» መባሏ ነው። ጀርመን የሚኖር ወንድማችን «የገባኝ ባቡር ጣቢያ ብቻ ነው» ሲባል ሰውየው ምንም እንዳልገባው መናገሩ ነው። በእስራኤል ደግሞ «ሐቫል ዓል ሀዝማን»፣ ማለትም «ለጊዜው ያሳዝናል» የሚለው አባባል እንደ አነጋገሩ ወይ ጊዜ ማባከን ነው፣ ወይ እጅግ ግሩም ነው ማለት ይሆናል።

በሕክምና ቦታ ግን የትርጉም ስሕተት የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1980 በፍሎሪዳ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። ቤተሰቡ በኩባ ስፓኒሽ የበላው ነገር እንደጎዳው ለመናገር የተጠቀሙበት ቃል፣ በእንግሊዝኛ ስካርን ከሚያመለክተው ቃል ጋር ስለሚመሳሰል በአደንዛዥ ዕፅ እንደተመረዘ ተቆጥሮ ታከመ። በእውነቱ አንጎሉ ውስጥ ደም ይፈስስ ነበር። ወጣቱ እጅና እግሩ ሽባ ሆኖ ቀረ፤ ጉዳዩም 71 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሚደርስ የካሣ ስምምነት ተቋጨ። ይህ የዘይቤ ስሕተት አይደለም። ነገር ግን ቃልን በቃል መተካት መተርጎም እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር ማግኘት ያስቸግራል።

ስሕተቱ በተቃራኒውም ሊመጣ ይችላል። አንዲት እናት «ልቤን ከብዶኛል» ሲሉ ቤተሰቡ «ናፍቆት ነው» ብሎ ቢያልፈው፣ እርሳቸው ግን እውነተኛ የደረት ጫና ተሰምቷቸው ከሆነ፣ ውድ ሰዓት ያመልጣል።

ስለዚህ ጥቂት ልማዶችን ብንይዝ ይበጀናል። በሐኪም ፊት ሕመሙ የሰውነት ይሁን የስሜት ለይተን፣ ቦታውን በእጃችን አመልክተን፣ መቼ እንደጀመረ ጨምረን እንናገር። ለሽማግሌ ወላጅ የምናስተረጉም ከሆነ «እማማ፣ የሚያምዎት ሆድዎ ነው ወይስ ሐሳብ ነው?» ብለን መልሰን ለመጠየቅ አንፈር። ልጆችን በአስተርጓሚነት አናስጨንቅ። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የሕክምና ተቋማት ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት መብት ነው።

በቤት ውስጥ ደግሞ ሥራው ሌላ ነው። ልጆቻችን ፊት በፈሊጥ መናገርን አንተው፤ ከተናገርን በኋላ ግን ቆም ብለን እንፍታላቸው። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ያሉት አባቶች ብርሌውን ለእንግዳው አቀብለው እንዴት እንደሚያዝም ያሳዩት ነበር። ልጁ «ግን ለምን አንጀት?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ ታላላቅ ምሁራን የጠየቁትን ነው የጠየቀው። መልሱን አብረን ስንፈልግ በሚቀጥለው ቀጠሮ አያቱ አጠገብ ሲቀመጥ፣ አንጀት ማረሩን ሰምቶ ፊታቸውን ቀና ብሎ ያያል፤ ከዚያም ወደ ሐኪሟ ዞሮ፣ «አዝናለች፤ እንቅልፍ አጥታለች» ይላል።